ሁለት የሻይ አበባ ለወይዘሮ አንጓች

ኅዳር 19 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በመሐረብ የተጠቀለሉ ሁለት የደረቁ የሻይ አበቦች ይዤ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድሁ። አበቦቹን የላከችው በዓረብ አገር የምትሠራ ፋንታዬ የምትባል ሴት ናት። የተላኩትም ከኩልመስክ በላይ ባለ የደጋ መንደር ለሚኖሩት እናቷ፣ ለወይዘሮ አንጓች ነው።

ፋንታዬን ያገኘኋት በጥቅምት፣ ለዘገባ በሄድሁበት የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዋ ሻይ መቅዳት ነው፤ ሻዩ ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። የሻይ ቅጠልና የደረቀ አበባ አንድ ላይ በቀጭን ክር ይታሰርና የትልቅ ብይ መጠን ያለው ድቡልቡል ይሆናል። ያንን በብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይጥሉና ሙቅ ውሃ ያፈሱበታል። ቅጠሉ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ከመካከሉም አበባው ይነሣል። ደንበኛው መጀመሪያ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ከዚያ ይጠጣዋል። እኔ ጅማ ተወልጄ አዲስ አበባ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሻይ ለእኔ በቀረፋና በቅርንፉድ የጠቆረ፣ ብዙ ጊዜም ቆሞ የሚጠጣ ነገር ነው። ከስፕሪስ በቀር ለዐይን ተብሎ የሚታዘዝ ሻይ አላውቅም ነበር።

ፋንታዬ አማርኛዬን ሰምታ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ እኔም ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት። አበባው ሲከፈት ባየች ቁጥር የአገሯ ተራራ እንደሚታያት ነገረችኝ። በደጋው ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለው ጦስኝ ከክረምት በኋላ ያብባል፤ እናቷም ከነአበባው እየቆረጡ ያደርቁና ሻይ ያፈሉበታል። «እዚህ ያለው አበባ ያምራል፤ ግን አይሸትም» አለችኝ። ከአገሯ ከወጣች ስድስት ዓመት አልፏታል።

ከመለያየታችን በፊት ሁለቱን ድቡልቡሎች ሰጥታኝ አጠጣጡን እንደ ዳዊት አስደገመችኝ። ዕቃው ውስጡ የሚታይ ብርጭቆ ይሁን። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ይረፍ፤ እሳት የሆነ ውሃ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። አይማሰል፣ አይነካካ። ተከፍቶ እስኪያልቅ መታየት አለበት፤ መጠጣቱ ከዚያ ነው፤ ብዙ ከቆየ ግን ይመራል። የመጀመሪያው ስኒ ያለ ስኳር ይሁን። ውሃው ሲያልቅ ሌላ ሙቅ ውሃ ቢጨመርበት አበባው እንደገና ያገለግላል።

አንድ ሌላ ትእዛዝም ጨመረችልኝ። ለገና እመጣለሁ ብላ ለእናቷ ተስፋ ሰጥታ ነበር፤ አሁን ግን መምጣት አትችልም። «ብትጠይቅህ አትዋሻት» አለችኝ፤ «ካልጠየቀችህ ግን አትንገራት።»

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው ያለው መንገድ ዳገት ነው። በጅማ ድንጋይ ለማየት መሬት መቆፈር ያስፈልጋል፤ እዚህ አፈሩ ድንጋዩ ላይ በችሮታ የተቀመጠ ይመስላል። ያረፍሁበት ፔንሲዮን ከእኔ ሌላ እንግዳ አልነበረውም። የክፍሌ ቧንቧ ውሃ አልመጣ ሲል፣ ባለቤቷ ለራሷ ያሞቀችውን አንድ ባልዲ ውሃ ተሸክማ አመጣችልኝና ለማመስገን ጊዜ ሳትሰጠኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ የጦስኝ ሻይ አዘዝሁ። ከጆንያ የተዘገነ፣ አበባ የሌለው፣ አቧራ አቧራ የሚል ነበር። ጠጣሁት።

አመሻሹ ላይ የወይዘሮ አንጓች ወንድም ቄስ አስረስ መጡ። በከተማው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ያገለግላሉ፤ ነገ ወደ መንደሩ የሚወስዱኝ እሳቸው ናቸው። አበቦቹን አሳየኋቸው። በመዳፋቸው ላይ አንከባለው አዩዋቸውና፣ «ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው? ጋዜጠኛ ሥራ ፈት ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ ከዚያ በኋላ ነው። እህታቸው ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከልጆቻቸውም የቀረችላቸው ፋንታዬ ብቻ ናት። እንደ አገሩ ባላገር ሴቶች ልማድ፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ቆብ ተቀብለው ሊመነኩሱ ወስነዋል። የንስሐ አባታቸውም ፈቅደው ገናን ቀጠሮ አድርገውላቸዋል። ችግሩ የሥርዓቱ ነው። ቆብ የሚቀበል ሰው ለዚህ ዓለም እንደሞተ ስለሚቆጠር፣ በሕይወት ቆሞ ሳለ የሙታን ጸሎት፣ ግንዘቱ፣ ይነበብለታል። ወይዘሮ አንጓችም ልጄ ዐይኔን ሳታየው አልገነዝም ብለዋል። እሷ በሰው አገር ሳለች የናትሽ ግንዘት ተነበበ ተብሎ ሊነገራት ነው፤ ይህን አልቻሉትም። ገናውን የሚጠብቁት ለልደቱም ለልጃቸውም ነው።

«እና ትመጣለች?» አሉኝ ቄስ አስረስ።

ለእናቷ ብቻ፣ ያውም ከጠየቁኝ፣ እንድመልስ እንደታዘዝሁ ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ ከነገ ጀምሮ አፍህም ይጹማ» አሉና ወጡ።

በማግስቱ፣ ኅዳር 20፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ስድስተኛ ቀኑን በያዘው በነቢያት ጾም ተሳፋሪው ሁሉ ባዶ ሆዱን ነው፤ ስለዚህ በእኛ አገር የመኪና ጉዞ ላይ የማይጠፋው የሙዝና የብስኩት ግርግር አልነበረም። ወደ ገነተ ማርያም የሚወስደውን መገንጠያ እንዳለፍን ገመድ የተዘረጋበት ቦታ ደረስን። አንድ ጎልማሳ ፈታሽ ቦርሳዬን ከፍቶ መሐረቡን ፈታ።

«ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው» አልሁት።

«ሻይ ቅጠል መቼ ጠፋኝ። ይኼ ታስሯል።»

«የታሰረ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ያለህ ማነው?» አሉ ቄስ አስረስ ከኋላ ወንበር።

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ፈታሹ ግን አልሳቀም፤ አንዱን ድቡልቡል በሁለት አውራ ጣቶቹ መካከል አድርጎ ሊፈለቅቀው ያዘው። ቄስ አስረስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብትከፍተው ቅጠል ነው። ቅጠል መሆኑን ካላመንህ መቅመስ አለብህ። ልትቀምስ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይሙላ፤ እስከዚያ እኛም ካንተ ጋር እንቀመጣለን።» ሰውዬው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አበባውን መሐረቡ ውስጥ መልሶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ቄሱን መስቀል አሳልሙኝ አላቸው።

ከኩልመስክ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ቄስ አስረስ ዳገቱን ሜዳ አድርገው ይሄዱታል፤ እኔ ግን በየቆምሁበት እያመካኘሁ አገሩን ተመለከትሁ። በየማሳው ገብስ ይታጨዳል። ዳገቱ ሳይጋመስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። አንድ አጫጅ ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ መጣና፣ ከወገቡ ጠፍር ፈትቶ ሶሉን ከእግሬ ጋር ጠፍንጎ አሰረልኝ። ጠፍሩን እንዴት እንደምመልስለት ብጠይቀው ጥያቄው አልገባውም። ሲለየኝ ኪሴን ሳብ አድርጎ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ጨመረበት። ዘጠኝ ሲሞላ ትበላዋለህ አለኝ።

ወይዘሮ አንጓች ከበራቸው ወጥተው ቆመው ሳሉ ደረስን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ነጠላ ያጣፉ ሴት ናቸው። ወንድማቸውን «መምሬ» ብለው መስቀል ተሳለሙ። እኔን ግን ሁለት ጉንጮቼን ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። «ያየሃት በዚህ ዐይን ነው?» አሉኝ። አዎ አልሁ። ከዚያ እግሬን አጠቡኝ፤ የጫማዬን ጠፍር ሲፈቱ ከት ብለው ሳቁ።

ሰዓቱ አልፎ ስለነበር በተልባ የተለወሰ የገብስ ቂጣና የባቄላ አሹቅ ቀረበ። እየበላን ስለ ልጃቸው ጠየቁኝ። ከስታለች ወይስ ወፍራለች? ፀጉሯን ትሠራለች ወይስ ሸፍናው ነው? እጇ ሻክሯል? ማተቧ አንገቷ ላይ አለ? ያየሁትን ብቻ ነገርኋቸው። ማተቧን ከልብሷ ሥር ስለሚሆን አላየሁትም አልሁ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስለ ገና ግን አላነሡም። ቄስ አስረስ አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እህታቸው ሰሐን ማንሣት ጀመሩ።

ከምግብ በኋላ የመጀመሪያውን አበባ አፈላን። በቤቱ የነበረውን ትልቁን ብርጭቆ አጠብሁ። ውሃው ሲንተከተክ ከእሳት አወረድሁትና በታዘዝሁት መሠረት ጥቂት አሳረፍሁት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ድንቄም ለማየት መጥተዋል። አበባውን ጥዬ ውሃውን አፈሰስሁበት። ጠበቅን። ድቡልቡሉ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ወደ ታች ሰመጠ፣ አንድ ሁለት ቅጠል ዘረጋ። ከዚያ ቆመ። ውሃው ቢጫ ሆነ እንጂ የወጣ አበባ የለም።

«አበባ አላልህም?» አሉ ወይዘሮ ድንቄ ጎንበስ ብለው። «ይኼማ ያረረ ጎመን ነው።»

ወይዘሮ አንጓች ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ከበቡት። «ተይው፣ ድንቄ። ከሩቅ ነው የመጣ፤ ደክሞት ይሆናል።»

ከዚያም ጠጡት፤ እስከ መጨረሻው። ምን ምን እንደሚል ብጠይቃቸው ዝናብ የመታው ድርቆሽ ይሸታል አሉኝ። እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ልክ ናቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፋንታዬ ውሃው ይረፍ ያለችኝ ከባሕር ጠርዝ ባለች ከተማ ሆና ነው። በከፍታ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላም ሙቀቱ ከቆላው ያነሰ ነው። እኔ ደጋው አስቀድሞ ያበረደውን ውሃ ደግሜ አብርጄዋለሁ። ይህን ለቄስ አስረስ ስነግራቸው፣ «እንዲህ ከሆነ የቀረችው አንዷ ላይ ከነፍላቱ አፍስሰው» አሉኝ። ወይዘሮ አንጓች ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። ብርጭቆው ጠቦታል አሉ፤ አበባ ሆድ ያለው ዕቃ ይፈልጋል።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበር። ወይዘሮ አንጓች ማልደው ተነሥተው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ ብርሌ ከሣጥን አወጡ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ማኅበር ሲደገስ ጠጅ የሚቀርብበት ነበር አሉኝ። ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ተሰብሯል። በለብታ ውሃ እያዞሩ አለቀለቁት፤ ብርሌ ቀዝቃዛ ሳለ ፍል ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል። አበባውን አንገቱ ላይ ስናደርገው አልገባ አለ። ቄስ አስረስ በጣት ልግፋው ሲሉ እህታቸው ከለከሏቸውና በደረቀ የጦስኝ ጭራሮ ቀስ አድርገው አስገቡት። ጠብ ብሎ ታች ወደቀ።

ውሃውን ከነፍላቱ አፈሰስሁ።

በመጀመሪያ የሆነ ነገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ቅጠል ከድቡልቡሉ ተላቀቀ፤ ሌላው ተከተለ። ቅጠሎቹ በብርሌው ሆድ ውስጥ ዙሪያውን ተኙ። ከመካከላቸው ቀይ አበባ ብቅ አለ፤ ከቀዩ ላይ ደግሞ ነጫጭ ትናንሽ አበቦች በክር ተሰክተው እንደ ዶቃ አንድ በአንድ ወደ ላይ ተነሡ። ብርሌው ሆዱ ክብ ስለሆነ አበባውን አጉልቶ ያሳያል፤ በሆቴሉ ማንቆርቆሪያ ካየሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር። በበሩ የገባው የጠዋት ፀሐይ መታው። ወይዘሮ ድንቄ እንኳ ለማየት ተንበረከኩ።

ወይዘሮ አንጓች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩት ነበር። «እሷ ናት እንዲህ የምታደርገው?» አሉኝ። አዎ፣ ቀኑን ሙሉ አልኋቸው። «ቀኑን ሙሉ» ብለው ደገሙት።

ፋንታዬ ብዙ ከቆየ ይመራል ብላኛለች። ይህን ነገርኋቸው። ግን ጾም ነው፣ ክብረ በዓልም ነው፤ የጾም ቅዳሴ የሚወጣው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ማንም ሳይቀምሰው ብርሌውን መደቡ ላይ፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ አስቀምጠነው ሁላችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ጅማ ቢሆን ኖሮ ሻይ አፍልቶ ትቶ የሚሄድ ሰው ታሟል ይባላል።

ከቅዳሴ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ነበር። የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ለሁለት ለሦስት እየሆኑ ይገባሉ፣ ብርሌውን ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ይቀመጣሉ። ሻዩ እንደ ጠላ ጠቁሯል፤ አበባው ግን እንደተከፈተ ነው። ወይዘሮ አንጓች በፍንጃል ቀድተው መጀመሪያ ለወንድማቸው ሰጡ። ቄስ አስረስ ተጎነጩና ፊታቸውን ለመግዛት ሞከሩ።

«እንዴት ነው፣ መምሬ?»

«ከኮሶ ይሻላል።»

ወይዘሮ አንጓች ራሳቸው ጠጡ። ይመራል፤ ደኅና ነው፤ አሉ። ከዚያ ሌላ ፍል ውሃ ጨመሩበትና ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ጉንጭ አዳረሱ፤ የቤተ ክርስቲያን ጠበል እንደሚታደል ያለ ነገር ነበር። ሁለተኛው ውሃ ምሬቱ ለስልሶ ጥሩ ሆነ። እዚያ ቤት የጠጣሁት ያ ሻይ እስካሁን ከጠጣኋቸው የተለየ ነው ብል፣ ስለ ጣዕሙ ብቻ መናገሬ አይደለም። አንዲት ሴት ፋንታዬን ሕፃን ሳለች አዝያታለሁ አለች። ሌላዋ ገና ስትመጣ ራሷ ታፈላልናለች አለች። ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ ዞር አሉ። ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አልጠየቁኝም፤ ፍንጃሌን ተቀብለው ሊያጥቡት ሄዱ።

አበባው በብርሌው አንገት ተመልሶ አይወጣም። ሴቶቹ ሲሄዱ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው። እስኪበሰብስ ይቀመጣል አሉኝ።

ኅዳር 22 ቀን ጦስኝ ለመቁረጥ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አቅጣጫ ወጣን። በታችኛው ዳገት ያለው አበባውን አራግፏል፤ ያልረገፈው ብርዱ የሚበረታበት ላይኛው ፊት ነው። ወይዘሮ አንጓች ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወንድማቸው እኛ እንበቃለን ቢሏቸውም፣ የልጄን እኔ ነኝ የምቆርጥላት ብለው በትራቸውን ይዘው ቀደሙን። ከቄስ አስረስ ይልቅ እሳቸውን መከተል ቀለለኝ፤ ቶሎ ቶሎ ያርፋሉ።

ጦስኙ የተገኘው ከአንድ ሸንተረር በስተጀርባ ነው። ድንጋዩ ላይ እንደ ምንጣፍ ተለጥፎ ሐምራዊ ሆኗል፤ ስንረግጠው ሽታው እስከ ወገባችን ይወጣል። የጅማ ደን ሲዘንብ የሚሸተው አፈሩ ነው፤ እዚህ የሚሸተው የረገጡት ነገር ነው። ወይዘሮ አንጓች አቆራረጡን አሳዩኝ። ሥሩ አይነቀልም፤ ጫፉ ከነአበባው በጥፍር ይቀነጠሳል። ለማድረቅ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጥላ ውስጥ በጨርቅ ላይ ይበተናል፤ አለዚያ አበባው ይነጣል። ሲፈላም ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመርና ይከደናል። እሳቸው ጨው ቆንጠር ያደርጉበታል፤ ልጃቸው ግን በስኳር ነበር የምትወደው። ስኳሩ ሲያልቅ ታኮርፍ ነበር አሉ።

ቄስ አስረስ ራቅ ብለው ይቆርጡ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቀንጠሳቸውን ሳያቋርጡ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ለገና ትመጣለች?»

«አልመጣም ብላኛለች።»

እጃቸው አልቆመም። «ከገና ወዲያስ?»

«የመኖሪያ ወረቀቷ ሳይታደስ ከወጣች ተመልሳ መግባት አትችልም፣ እማማ። መቼ እንደሚታደስ እሷም አታውቅም። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም።»

«እያለቀሰች ነው የነገረችህ?»

«አላለቀሰችም። ሥራ ላይ ነበረች።»

አንድ እፍኝ ሞልተው ነጠላቸው ጫፍ ላይ አደረጉት። «ከትናንት ወዲያም ልጠይቅህ ነበር፤ ትናንትም። አበባውን እያየሁ አልሆነልኝም» አሉኝ። ከዚያ ሌላ እፍኝ ጀመሩ። ከሸንተረሩ ማዶ የገብስ አጫጆች ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል።

«ቀኑን አላሳልፈውም» አሉ በመጨረሻ። «ዘንድሮ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከርሞ ተሸክመው ቢወስዱኝ የሰው ቆብ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ግን ግንዘቴን ከሰው አፍ እንዳትሰማው። ጠይቅልኝ። ጸሎቱ ሲነበብ እሷም ትስማው፤ የናቷን ድምፅ እየሰማች። አልችልም ካለችም አልቀየማት።»

«በስልክ ማለትዎ ነው?»

«በምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ቄስ አስረስን ጠሯቸውና የወሰኑትን ነገሯቸው። ቄሱ በቅዳሴ መካከል ስልክ ምን ሊባል ነው ብለው ተቃወሙ። እህታቸው ቅዳሴ ሳይሆን ግንዘት ነው፣ የምገነዘውም እኔ ነኝ አሉ። ቄስ አስረስ የቆረጡትን ጦስኝ እህታቸው ነጠላ ላይ ጨምረው ቁልቁለቱን ቀድመውን ወረዱ።

ኅዳር 23 ቀን መንደሩን ለቅቄ ወጣሁ። ወይዘሮ አንጓች ጦስኙን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው፣ ጥላ ቦታ አድርቄ እንድልከው አስጠንቅቀው ሰጡኝ። ለእኔ ደግሞ አምና የደረቀውን ለብቻ ቋጠሩልኝ። ጫማዬን ያሰረልኝን ሰው ማሳው ላይ አጣሁት፤ ጠፍሩን ለሚስቱ ሰጠኋት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቋጠሮውን የከፈተችው ፈታሽ ምንም አልጠየቀችኝም። አሸተተችውና መልሳ አሰረችው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ጦስኙን ሳሎኔ ውስጥ ጋዜጣ ላይ በተንሁት። ቤቱ ለብዙ ቀን ላስታ ላስታ ሸተተ። ሲደርቅ ወደዚያ ከተማ በሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ እጅ ላክሁት። ለፋንታዬ ደወልሁና የእናቷን መልእክት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ነገርኋት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«በዚያ ሰዓት ፈረቃዬ ነው» አለችኝ። ጦስኙ ደርሷት እንደሆነ ብጠይቃት ደርሶኛል አለችና፣ ደንበኛ መጣ ብላ ዘጋች። ለቄስ አስረስ ይህንኑ አስተላለፍሁ።

ቄስ አስረስ የደወሉልኝ በታኅሣሥ፣ በገና ዕለት፣ ከቀትር በኋላ ነው። የነገሩኝ የሚከተለው ነው። ሥርዓቱ የተፈጸመው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። እህታቸው በእግራቸው ሄደዋል። ቆቡን ተቀብለዋል፤ ስማቸውም እማሆይ ወለተ ኪዳን ተብሏል። ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ቄስ አስረስ ወደ ፋንታዬ ደውለዋል፤ ስልኩ ተነሥቷል፤ የተናገረ ሰው ግን የለም። እሳቸውም ስልኩን እንደተከፈተ ጋቢያቸው ሥር ይዘውት ቆመዋል። ግንዘቱ ተነቦ እስኪያልቅ አላወጡትም። ሲያልቅ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ውሃ ሲቀዳና ብርጭቆ ሲጋጭ ተሰማቸው። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር።